የተፋቀው ምልክት

ቡዳፔስት፣ ኅዳር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴና መምህሬ ለመሪጌታ ቀለመ ወርቅ፤ ስማዳ።

መንገዱ ቢርቅም ጉልበትዎን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የእርስዎ ጤና፣ የእናቴ የተዋበች ጤና፣ የተማሪዎችዎ ጤና እንዴት ነው? ገብሱ እንዴት ሆነ? እኔ በጸሎታችሁ ደኅና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል። እናቴ የፈተለችው ጋቢ ከዚህ አገር ካፖርት ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም።

ትምህርቴ ሊያልቅ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቶታል። የመመረቂያ ሥራዬን ከአንዲት የአገሩ ልጅ ጋር ጀምሬያለሁ። ኢልዲኮ ትባላለች። ሥራችን ጨዋታ ነው፤ አይሳቁብኝ። በኮምፒዩተር የሚሠራ፣ ደብረ ታቦር ሄደው ባዩት ዓይነት የቴሌቪዥን መስተዋት ላይ የሚታይ ጨዋታ ነው። ለተጫዋቹ አንድ መንገደኛ ይሰጠዋል። ሃያ ነጥብ ይቀበልና በመንገደኛው ጉልበት፣ አንደበት፣ ዕውቀትና ብልሃት ላይ ያከፋፍላል። አብዛኛውን በጉልበት ላይ ካዋለው ነብር የሚጥል፣ ነገር ግን ከአንድ ዘበኛ ጋር መነጋገር የማይችል ሰው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወር ሁለት ወር ያንኑ ሰው ሆኖ አገር ያቋርጣል።

ጠባችን እዚህ ላይ ነው። ጨዋታውን የሚሞክርልን አንድ የባቡር ሠራተኛ አለ። ሁለት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ እየመጣ ተጫወተ። ነጥቡን ሁሉ ጉልበት ላይ አድርጎት ነበር። ባለፈው እሑድ በአንደበት ካልሆነ በቀር የማይታለፍ በር ላይ ደረሰ። አንድ ሰዓት ታገለና ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ፤ ኮቱን እንኳ ሳይቆልፍ ወጣ።

«ነጥቡን ሲያከፋፍል በሩ እንዳለ አያውቅም ነበር» አለችኝ ኢልዲኮ። «ባላወቀው ነገር ሁለት ወር ትቀጣዋለህ? ሰውዬውን እንደገና ይሥራው።»

«እንደገና መሥራት ከቻለ መጀመሪያ የመረጠው ምን ክብደት አለው?»

«ልበ ደንዳና ነህ።»

«ያስተማሩኝን ሰው ስለማታውቂያቸው ነው።»

እንግዲህ ሦስተኛው ዳኛ እርስዎ እንዲሆኑ ተስማምተናል። ሰባት ዓመት በእግርዎ ሥር ተቀምጬ ድጓ ስማር ማንም ያጸናውን ሲያፈርስ አላየሁም። ፍርድዎን ይጻፉልኝ።

ዓይንዎ እየደከመ እንደሆነ ሰምቻለሁ። መነጽር ልልክልዎ ነው።

ልጅዎ ቻላቸው


ስማዳ፣ ጥር 25 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለቻላቸው፤ ካለህበት።

የጥምቀቱ ጌታ ከብርድም ከባዕድ ክፉም ይጠብቅህ። እኛ ደኅና ነን። ገብሱ መካከለኛ ነው፤ ስንዴው ግን ተባርኳል።

ደብዳቤህን ከእኔ በፊት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ካሣሁን አንብቦታል። በስብሰባ ላይም ተነሥቶ «ጓዶች፣ የእኛ ልጅ በወዳጅ አገር ሰውን አፍርሶ እንደገና የሚሠራ መኪና እየፈጠረ ነው!» አለ። ጭብጨባ ሆነ። ጨዋታ መሆኑን ላስረዳው ብሞክር «የኔታ፣ እርስዎ ትሑት ስለሆኑ ነው» አለኝ። ካሣሁን ራሱ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የማን በቅሎ ይስብ እንደነበር አንተም እኔም እናውቃለን፤ ነገሩን አላራዝመውም።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ፍርዴ ከአንተ ጋር ነው። ተማሪ ድጓ ሲማር ቃሉን ብቻ አይደለም የሚይዘው። ከቃሉ በላይ የምትቀመጠው ትንሿ ምልክት ድምፁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ ትነግረዋለች። እሷን አንድ ጊዜ ካጸና በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ይዟት ይኖራል። ሰውም እንዲሁ ነው። የባቡር ሠራተኛው ጉልበትን ከመረጠ በጉልበቱ ይኑር። በሩ ካልተከፈተለት ከበሩ ውጭ ያለው አገር አይበቃውምን? ይህን ለልጅቱ ንገራት፤ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ አለ በላት።

ሌላ ወሬ ብዙ የለም። ከአንተ በኋላ የተማረው ዳኘው ድጓውን በሊቃውንቱ ፊት ለማስመስከር ቤተ ልሔም ደብር ሄዶ ሰሞኑን ተመለሰ። አስመስክሯል። ነገር ግን በጾሙ ዜማ ውስጥ፣ ከመፃጉዕ ሰንበት እስከ ገብር ኄር ሰንበት ባለው ሦስት ሳምንት፣ የመጽሐፉ ቅጠሎች እዚያ ተፍቀው ምልክቱ እንደ አዲስ ተጽፎበታል። «ማን አስተማረህ?» ብለው ጠየቁት አሉ። ዝም አለ አሉ። ልጁ ከእኔ የሰማውን በመንገድ አጣሞት ይሆናል። ዳኘው በልጅነቱም ጆሮው ይባዝን ነበር።

መነጽሩን ላክ። ሌላ የሚያስፈልገኝ የለም።

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ

እኔ እናትህ ተዋበች ነኝ። ደብዳቤውን ወገዳ ገበያ ለነጋዴው የማደርሰው እኔ ስለሆንሁ ከሥሩ ጨመርሁበት። ፊደሌ ቢጣመም የመሠረተ ትምህርት ፊደል ነውና አትሣቅ። ዓለሜ፣ አጎትህ፣ ዳኘው ከመጣ ወዲህ፣ የዜማ መጽሐፉን ሣጥን ቆልፎ ቁልፉን ከማተቡ ጋር አሥሮታል። ለተማሪዎቹ በቃሉ ነው የሚነግራቸው። እህል ሲቀርብለት ሁለቴ ጎርሶ ይተወዋል። ምን ሆነሃል ስለው «ጥርሴን ነው» አለኝ። የታመመ ጥርስ የለውም። አንተ ጠይቀው፤ አንተን አይዋሽህም።


ቡዳፔስት፣ መጋቢት 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ፤ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስዎ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር መነጽሩን በሚመጣ ሰው እጅ ልኬያለሁ። እጀታው ቢሰፋዎት በክር ይያዙት።

ፍርድዎን ለኢልዲኮ ተርጉሜ አነበብኩላት። «ኩሩ ሰው ናቸው» አለች። «እንዲህ ያለ አጎት ቢኖረኝ እኔም እፈራው ነበር።» ሆኖም እጅ አልሰጠችም። የራሷን ዓይነት ሠርታ አሳየችኝ። መንገደኛችን የሚቀመጠው በቴፕ ካሴት ላይ ነው። ተጫዋቹ ሰውዬውን ልለውጥ ሲል፣ አዲሱ ሰው በድሮው ላይ ይቀዳበታል።

«የድሮውስ ሰው የት ሄደ?» አልኳት።

«ጠፋ።»

«ሁለት ወር የኖረው?»

«አልኖረም ማለት ነው።»

ይህን አልቀበልም አልኩ። አሁንም አልቀበልም። ሥራውን ለፈታኞች የምናቀርበው በሚቀጥለው ዓመት የካቲት ነውና እስከዚያ መሟገታችን አይቀርም።

አሁን የምጠይቅዎትን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። የመፃጉዕ ሰንበት ዕለት እዚህ በመኝታ ክፍሌ በሩን ዘግቼ፣ ያስተማሩኝን ዜማ በለሆሳስ አዜምኩ። ጎረቤቴ ግድግዳውን መታ፤ እኔ ግን ጨረስኩ። ከተማሪ ቤት ወጥቼ ንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት የገባሁት የጾሙን ዜማ ጨርሼ ስለነበር ቅጠሉ ሁሉ በዓይኔ ላይ አለ። መጽሐፌም እስከ ዛሬ በእናቴ ሣጥን ውስጥ ነው። ዳኘው የተማረው እኔ ከተማርኩት የተለየ ነበርን? ያው ከሆነ በመንገድ አላጣመመውም። የተፋቀው የእኔም ነው።

ልጅዎ ቻላቸው


ስማዳ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለቻላቸው፤

ቸርነቱ አይለይህ። መነጽሩ በፋሲካ ማግስት ደረሰኝ። ከደረሰኝ ጀምሮ የማየውን ሁሉ ያለ ርኅራኄ ያሳየኛል።

ሳልመልስልህ የቆየሁት ዝናብ መንገድ ዘግቶብኝ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላላወቅሁ ነው።

ዳኘው የተማረው አንተ የተማርኸውን ነው። ልጁ ምንም አላጣመመም።

አስተማሪዬን መምህር ወልደ ሰንበትን አታውቃቸውም። ያረፉት የጾሙን ዜማ ሲነግሩኝ ሦስተኛው ሰንበት ላይ ስንደርስ ነው። ከገብር ኄር ወዲያ ያለውን አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር የቀረኝ መካከሉ ብቻ ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። መጽሐፋቸውን ዘመዶቻቸው ወደ እስቴ ወሰዱት። ቤተ ልሔም የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ሄጄ የቀረኝን ልቀበል እችል ነበር። ነገር ግን የደብሩ ሰዎች ከቀብሩ መልስ «እንግዲህ አንተው ምራን» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅህም። ጎደለኝ ማለት አፈርሁ። የቀደሙትን ሰንበታት እያየሁ፣ ጆሮዬን አምኜ፣ የሦስቱን ሳምንት ምልክት በራሴ ግምት አስቀመጥሁ። ዜማው ያምራል። ዛሬም ያምራል። ግን ከማንም አልተቀበልሁትም። ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተማርሁት።

ይህን ሁሉ ይዤ ልሞት እችል ነበር። ያላስቻለኝ የዘንድሮው የመፃጉዕ ሰንበት ነው። ቅኔ ማኅሌት ቆመን፣ ዳኘው በግራ እኔ በቀኝ ነን። መጀመር የእሱ ተራ ነበር። አሁን ትክክለኛውን ያዜማል፤ ካህናቱ ሁሉ ሁለት ዜማ ይሰማሉ፤ እኔም እወድቃለሁ ብዬ መቋሚያዬን ጨብጬ ቆምሁ። ዳኘው ዓይኑን ጨፈነና የእኔን አዜመ። የተፋቀበትን። አንዲት ምልክት ሳያዛንፍ እስከ መጨረሻው።

ሲያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያዝሁት።

«ለምን የእኔን አዜምህ?»

«የኔታ፣ እርስዎ ቆመው ሌላ ላዚም?»

«የተማርኸውን አዚም እንጂ!»

«የተማርሁትማ ከእርስዎ ነው።»

ልጄ፣ ሰው ሲሰድበኝ መልስ አላጣም፤ ታውቀኛለህ። ያን ዕለት ግን መቋሚያዬን አንሥቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ። እኔ ለክብሬ ብዬ የማላውቀውን አስተማርሁ፤ እሱ ለክብሬ ብሎ የሚያውቀውን ተወ። እንዲህ ከሄደ ስሕተቱ በእኔ አያበቃም።

በጨዋታህ ላይ የሰጠሁትን ፍርድ ለጊዜው አቆየው። ሌላም ልለምንህ። ብራና የሚፍቅ ስለታም ምላጭ በዚያ አገር ይገኝ እንደሆነ ላክልኝ። የወገዳ ገበያ ምላጭ ጢምም አይላጭም።

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ


ቡዳፔስት፣ መስከረም 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ።

ሁለት ደርዘን ምላጭ ልኬያለሁ። ሐኪሞች የሚገለገሉበት ነው፤ ጣትዎን እንዳይቆርጥዎ ይጠንቀቁ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩ። ምላጩን ለምን እንደፈለጉት ገብቶኛል። ቤተ ልሔም ሊሄዱ እያሰቡ ነው። ይቅርብዎ እላለሁ። ጢማቸው ገና በበቀለ ልጆች መካከል፣ በሃምሳ ስድስት ዓመትዎ፣ ሳር ላይ ሊቀመጡ ነው? ሠላሳ አንድ ተማሪ ያወጡ ሰው ነዎት። ስሕተቱ ከእርስዎ እንደመጣ የምናውቀው እርስዎ፣ ዳኘውና እኔ ብቻ ነን። ሦስታችንም ዝም ማለት እንችላለን። እዚያ ቆጥረው ያገኙት ሦስት ሳምንት ነው፤ ቀሪው ዓመት ሙሉ እንከን የለበትም። እርስዎ እንደሆነ ያጸኑትን አያፈርሱም፤ በጥር የጻፉልኝ ይህን ነው። እኔም በዚያ ፍርድ ላይ ቆሜያለሁ።

ለኢልዲኮ ነገርኳት። «አየህ፣ አጎትህም በሩ ላይ ደረሱ» አለችኝ። ተቆጥቼ ሁለት ቀን አላነጋገርኳትም።

ልጅዎ ቻላቸው


ቤተ ልሔም፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለቻላቸው፤

የዚህ ደብር በረከት ይድረስህ። ደብዳቤህ ያገኘኝ እዚህ ነው፤ እናትህ በሰው አስላከችልኝ። አትሂድ ያልኸኝ ከሄድሁ በኋላ ደርሶኛልና እንዳልታዘዝሁህ አትቁጠረው።

የመጣሁት በጥቅምት ነው። ዳኘው መጽሐፌን ተሸክሞ ሁለቱን ቀን አብሮኝ ተጓዘ። ካሣሁን መውጫ ወረቀት ሲጽፍልኝ «የጉዞ ምክንያት» የሚለው ላይ ምን ልጻፍ አለኝ። ትምህርት አልሁት። «ለማስተማር» ብሎ ጻፈ። «ለመማር በል» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ሠርዞ አስተካከለው። ያን ዕለት ወደድሁት።

ስደርስ አንድ ተማሪ ከጎጆው ወጥቶ ተቀበለኝ።

«አባቴ፣ ልጅዎን ሊጠይቁ መጡ?»

«የለም፣ ልማር ነው።»

«ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ሃምሳ ስድስት።»

«እንግዲያው ቶሎ ቶሎ ይበሉ!» አለና ጓደኞቹ ሁሉ ተንከተከቱ። እኔም ሣቅሁ። ሌሊቱን ግን አልሣቅሁም።

መምህሩ በአሥራ አንድ ዓመት ያንሱኛል። ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሡ። መጽሐፌን ተቀብለው ገለጡ፤ ከመፃጉዕ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ዳኘውን የጠየቁትን ጠየቁኝ።

«ማን አስተማረዎት?»

መንገዱን ሁሉ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የመምህር ወልደ ሰንበትን ስም መጥራት እችል ነበር፤ የሞተ ሰው አይከራከርም። «እኔ ራሴ» አልሁ። «ከማንም አልተቀበልሁትም።» መምህሩ «እንግዲያው እዚህ ይቀመጡ» አሉኝና ሳሩን በእጃቸው አመለከቱኝ። ተቀመጥሁ። ጉልበቴ ጮኸ። ልጄ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ የተቀመጥሁበት ጊዜ የለም።

አሁን ወደ ነገርህ። መምህሩ ለሦስቱ ሳምንት አዲስ ብራና ሊሰጡኝ ፈቅደው ነበር። አሮጌው ቅጠል ይውጣ፣ ንጹሑ ይግባ፣ ማንም አያውቅብዎትም አሉኝ። አልፈለግሁም። በላክኸው ምላጭ በገዛ እጄ ፋቅሁት። ብራና ሲፋቅ ምን እንደሚሆን የምታውቅ ይመስለኛል፤ ግን ለልጅቱ ንገራት። ቀለሙ ይነሣል፤ ጥላው ይቀራል። ቅጠሉም ይሳሳል። አንድ ጊዜ ቢፋቅ ይችለዋል፤ ሁለት ጊዜም ይችል ይሆናል። ሦስተኛ ከፋቅኸው ጣትህ በወዲያ በኩል ይወጣል።

በጥር የሰጠሁህ ፍርድ የፈራ ሰው ፍርድ ነበር። አፍርሼዋለሁ። አንተ በካሴቱ ላይ በተቆጣኸውም ልክ ነህ፤ የኖረ ሰው አልኖረም መባል የለበትም። ሁለታችሁም ብራና ስለማታስቡ ነው የምትጣሉት።

ላክልኝ የምልህ ነገር የለም። ምላጩ ይበቃል።

ተማሪ ቀለመ ወርቅ


ቡዳፔስት፣ የካቲት 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ የት እንዳሉ ስለማላውቅ ለእናቴ አድራሻ ልኬዋለሁ። ያለሁበት ደስታ ያላችሁበት ድረስ ይድረስ።

የታኅሣሥ ደብዳቤዎን ለኢልዲኮ ሳነብላት፣ ብራናው ጋ ስደርስ እርሳሷን አንሥታ መጻፍ ጀመረች። ጨርሼ እንኳ አልጠበቀችኝም። ሦስት ሳምንት ሳንጣላ ሠራን።

አሁን በጨዋታችን ካርታ ጫፍ ላይ፣ ከተራሮቹ ማዶ፣ አንድ ደብር አለ። መንገደኛው ወደዚያ በእግሩ ይሄዳል፤ በቅሎ አይፈቀድም። የሄደበት ጊዜም አይመለስለትም። ደጃፉ ላይ አንድ መምህር ተቀምጠው «ማን ሠራህ?» ብለው ይጠይቁታል። ተጫዋቹ «እኔ ራሴ» ብሎ ካልጻፈ አይገባም። ከገባ ነጥቡን እንደገና ያከፋፍላል። የድሮው ቁጥር ግን አይጠፋም፤ ከአዲሱ ሥር ደብዝዞ ይታያል፤ ያገኘውም ሰው ሁሉ ያየዋል። ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል። ሦስተኛ የመጣውን መምህሩ ይመልሱታል።

የባቡር ሠራተኛውን ለምነን አስመጣነው። ከደብሩ ደረሰ። «ማን ሠራህ?» ሲባል «ይህን ጨዋታ የሠሩት ሰዎች» ብሎ ጻፈ። በሩ አልተከፈተም። ቀጥሎ «ዕድሌ» ብሎ ጻፈ። አልተከፈተም። ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ረጅም ጊዜ ተቀምጦ በአንድ ጣቱ ፊደል በፊደል «እኔ ራሴ» ብሎ ጻፈ። በሩ ሲከፈት እንደ ልጅ በደስታ ጮኸ። ሰውዬው የአርባ ስምንት ዓመት ሰው ነው።

ፈታኞቹ ትናንት አዩት። አንዱ «ይህን ሕግ ከየት አመጣችሁት?» ብለው ጠየቁ። ኢልዲኮ ወደ እኔ አመለከተች። ከአጎቴ አልኩ። የት ነው የሚያስተምሩት አሉኝ። «አሁን እየተማሩ ነው» አልኩ። ይህን ስል የኮራሁትን ያህል ውጤቱ ሲነገረኝ አልኮራሁም፤ ውጤቱም ከፍተኛው ነበር።

አይሂዱ በማለቴ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ቻላቸው


ስማዳ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለቻላቸው፤

ትንሣኤውን ያሳየን አምላክ ምረቃህንም ያሳየን። ደብዳቤህን በሁዳዴ አጋማሽ አገኘሁት። ለእናትህ ሁለት ጊዜ አነበብሁላት፤ ሦስተኛውን ራሷ አነበበች። ካሣሁንም ያው ከሁላችን በፊት አንብቦት ነበር። «የኔታ፣ ሰው አፍርሶ የሚሠራው መኪና እርስዎ ኖሯል» አለኝ። ዘንድሮ ቀልድ ተምሯል።

በጥር አስመስክሬ ተመለስሁ። ሦስቱን ሳምንት ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ነው ያስመሰከርሁት። ቶሎ ቶሎ ይበሉ ያለኝ ተማሪ እስከ ወንዙ ሸኘኝ። እሱ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።

የመፃጉዕ ሰንበት የካቲት ሃያ ሰባት ቀን ዋለ። ከማኅሌቱ በፊት ካህናቱን ሰበሰብሁና «እስከ አምና ያዜምነው የእኔ ግምት ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ የተቀበልነውን እናዜማለን» አልኋቸው። ሌላ አላልሁም። አንድ አዛውንት ቄስ «የድሮው ደስ ይል ነበር» አሉ። «እኔንም ደስ ይለኝ ነበር፤ ክፋቱ እሱ ነው» አልኋቸው። ከዚያ ዳኘው በግራ፣ እኔ በቀኝ ቆምን። መጀመር የእሱ ነበር። ዘንድሮ ዓይኑን አልጨፈነም።

የቀረው ተማሪዎቼ ናቸው። ሠላሳ አንዳችሁም መጽሐፋችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ በየደብሩ ላክሁ። አሥራ ስምንቱ መጡ። ከእስቴ ድረስ የመጣ አለ፤ ፂሙ ሸብቷል፤ በር ላይ ቆሞ እንደ ልጅነቱ «የኔታ፣ ልግባ?» አለኝ። አራቱ ሞተዋል። ሌሎቹን እጠብቃለሁ። አንዱ ብቻ አልመጣም ብሎ ላከብኝ። ባለው ዜማ ተከብሮ እንደሚኖር፣ ሰው ፊት መፋቅ እንደማይፈልግ ነገረኝ። አልተቆጣሁትም። አምና በዚህ ወቅት እኔም እንደ እሱ ነበርሁ።

የአንተን ከእናትህ ሣጥን አስወጥቼ፣ ሳላስፈቅድህ፣ ፋቅሁት። ምልክቱን በራሴ ብርዕ ጽፌበታለሁ። ስትመጣ ታገኘዋለህ። እስከዚያ የመፃጉዕን ዜማ በመኝታ ክፍልህ አታዚም፤ ጎረቤትህ ግድግዳውን የመታው ለካ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስለ መነጽሩም ልንገርህ። እጀታው ተሰብሮ በክር ይዤዋለሁ። ሌላ አትላክ፤ በዚህኛው በደንብ አያለሁ።

ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹ ደጅ ሲቀመጡ መጽሐፌን እሰጣቸዋለሁ። ሣጥኑን መቆለፍ ትቻለሁ። ከጾሙ ዜማ ሲደርሱ ቅጠሉ ስስ ስለሆነ ፀሐይ ያልፍበታል። አዲስ የመጡት ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ያዩታል፤ ከአዲሱ ምልክት ሥር የድሮው ጥላ ይታያቸዋል።

«የኔታ፣ ከሥር ያለው የማን እጅ ነው?» ይሉኛል።

«የእኔ እጅ ነው» እላቸዋለሁ።

«ከላይ ያለውስ?»

«እሱም የእኔ።»

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ